ባቡር በማይደርስበት ከተማ ባቡር ሳስተምር

ቦንጋ የመጣሁት የመኪና ጥገና ለማስተማር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ሲሆን፣ ምደባው ሲደርሰኝ ካፋ በየት በኩል እንደሆነ ያወቅሁት ካርታ ዘርግቼ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀረሁ። ባቡር የሚባል ነገር ግን እስከዚያ ድረስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት የኮሌጃችን ዲን ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ደስ ይላቸዋል። ግድግዳቸው ላይ አዲስ ካርታ ለጥፈዋል። የአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ነው። መስመሮቹ በየቀለማቸው ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተዘርግተዋል፤ አንደኛው በጅማ አድርጎ ወደ እኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ዲኑ ጣታቸውን ጅማ ላይ አኖሩና ቀስ እያሉ ወደ ታች ጎተቱት። ባቡሩ ሲመጣ ሐዲዱን የሚጠብቅ፣ ጣቢያውን የሚያሠራ የአካባቢ ልጅ ከወዲሁ መዘጋጀት እንዳለበት፣ ለዚህም አንድ የሥልጠና ክፍል እንድንከፍት መታዘዛችንን አስረዱኝ። ማን ሊያስተምር ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከእኛ መካከል ሞተር የሚያውቅ አንተ ነህ አሉኝ።

ሞተር ማወቅ ሐዲድ ከማወቅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ቢሆንም አልተከራከርኩም፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ሞቋል። አሥር ዓመት ሙሉ ያረጀ የፒካፕ ሞተር ስፈታና ስገጥም ለኖርኩ ሰው አዲስ ነገር መታዘዝ ቀላል ደስታ አይደለም።

ሦስት ወር ለሥልጠና ወደ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሄድኩ። ባቡር ያየሁት ያኔ ነው። ድምፁ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል ብዬ ስጠብቅ፣ ከራሴ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ትንሽ ፏጨና ሎኮሞቲቩ ከነፉርጎዎቹ ፊቴ ላይ ደረሰ። በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ መስኮት በኩል ያየሁትንም አልረሳውም። ግድግዳውን የሞላ ሰሌዳ ላይ መስመሩ በሙሉ ተስሎ እያንዳንዱ ባቡር እንደ ትንሽ መብራት ይንቀሳቀሳል። ሐዲዱ ነጠላ በሆነበት ቦታ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎን ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ይህን የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ያኔ ሰሌዳው ፊት የሚቀመጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የእኛ ልጆች ከኋላቸው ቆመው ይጽፋሉ። ወደፊት ወንበሩ ለእነሱ እንደሚለቀቅ ተነግሯቸዋል።

ሐዲዱን ያስተማሩን በድሮው የባቡር መስመር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከፀሐይ በፊት ያስነሱንና በሐዲዱ ዳር ያስኬዱናል። እያንዳንዱን ማያያዣ እያየን፣ ብረቱን በመዶሻ እየመታን ድምፁን እንሰማለን። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ተኩል ነው፤ ከዚያ ብዙ ከሰፋም ከጠበበም ባቡሩ ከሐዲዱ ይወጣል። መዘርጋቱ ምንም አይደለም ይሉን ነበር፤ ዋናው በማግስቱ ተመልሶ ማየቱ ነው። ሦስት ደብተር ሞልቼ ተመለስኩ።

ምዝገባ ሲከፈት አንድ ሰው አልመጣም። ልጆቹ የሚፈልጉት ሒሳብ መዝገብና ኮምፒዩተር ነው። ዲኑ ተጨነቁ፤ በየወረዳው ዞሬ እንድቀሰቅስ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በገበያ ቀን ሺሺንዳ ወረድኩና ከቀበሌው በረንዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ስለ ባቡር ተናገርኩ። ሰው ይሰማል፣ ይስቃል፣ ወደ ገበያው ያልፋል። አንድ ሰው ግን አላለፉም። ቡና አምራች ናቸው፤ ጎልማሳ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው የያዙ። አማርኛቸው ከአገሩ ቋንቋ ከካፊኖኖው ጋር ይጋጭባቸዋል፤ አንዴ አንተ አንዴ እርስዎ እያሉ ነበር የሚያናግሩኝ። ሴት ልጃቸው አሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ለነርስነት ትምህርት ተመድባለች። ሒሳብ ግን በጣም ትወዳለች። እሷም አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ፣ ነገር ግን አንድም ቃል ሳታሳልፍ የምታደምጥ ልጅ።

አባትየው ስለ ክፍያም ስለ ማደሪያም አልጠየቁኝም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባቡሩ መቼ ይመጣል?»

«ልጅዎ ስትመረቅ ይደርሳል» አልኳቸው።

ማንም እንደዚያ በል አላለኝም። ደብዳቤው ላይም አልተጻፈም። ከአፌ ነው የወጣው፤ ያኔ ደግሞ አምኜው ነበር። የነርስነቱን ቦታ ትታ በሳምንቱ ከእኔ ዘንድ ተመዘገበች።

ሃያ ስድስት ሠልጣኞች ሰብስበን ጀመርን። ዕቃ የለም። ሐዲድ በኖራ መሬት ላይ እየሳልኩ አስተማርኩ፤ ዝናቡ ሲያጥበው እንደገና እስላለሁ። ቦንጋ ደግሞ ዝናቡ የማይቆምባት ከተማ ናት፤ አንዳንድ ሳምንት ከማስተምረው የምስለው ይበልጣል። እንጨት ሥራ ክፍል የሐዲድ ቅርጽ ከባሕር ዛፍ ጠርቦ ሠራልን። የሚላከው የመማሪያ ዕቃ በጉዞ ላይ ነው ሲባል አንድ ዓመት አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ዕቃው ተነሳ የሚል ስልክ ተደወለ። ሁለት ሙሉ ሐዲድ፣ ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፉ የኮንክሪት አግዳሚዎችና ማያያዣ ነው። ተሳቢው ጅማ ደረሰ፤ ሹፌሩ ግን ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በዚያ ጭቃ ይህን የሚያህል ብረት ጭኖ እንደማይሞክረው ተናገረ። ሐዲዱ ጅማ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ወር ተኩል ተጋድሞ ከረመ። በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተጻጽፈው እንዲቆረጥ ፈቀዱ። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። የኮንክሪት አግዳሚዎቹ አልመጡም። ማያያዣዎቹ መጥተዋል፤ ለሌላ ዓይነት ሐዲድ የተሠሩ ስለሆኑ አልገጠሙም።

ሠልጣኞቹ ግን በዓል አደረጉት። ግቢው ጀርባ መሬት ቆፍረው፣ ድንጋይ በመዶሻ ፈልጠው ጠጠር አነጠፉ፤ ከእንጨት አግዳሚ አበጁ። የሺሺንዳዋ ልጅ ሜትርና ውሃ ልክ ይዛ ተንበርክካ ስፋቱን ለካች፤ ልክ እስኪሆን ድረስ ሦስት ጊዜ አስነስታ አስገጠመቻቸው። አራት እርምጃ የሚሆን ሐዲድ ሠራን። ከየትም አይነሳም፣ የትም አይደርስም፤ ለአራት እርምጃው ያህል ግን ትክክለኛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተው ይፈትሹታል። በዝናብ ጠጠሩ ሲሸሽ ይሞላሉ። እሷ መዶሻ ይዛ ስትመታው ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ብረቱ ጫፍ ላይ ከመጋዙ ሙቀት የተረፈ ስንጥቅ መኖሩን ከሁላችንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ሽማግሌው ቢያይዋት ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። የተረፉትን ቁራጮች አጎራባች ትምህርት ቤቶች ለደወል እንዲሆናቸው ለመኑ፤ ዲኑ ሰጧቸው።

ለተግባር ልምምድ ወደ ባቡሩ መስመር ለመላክ ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ። የተፈቀደው ለአምስት ሠልጣኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እሷ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ስትመለስ ብዙ አላወራችም፤ ደብተሯን ነው ያሳየችኝ። የባቡሮቹን መነሻና መድረሻ ሰዓት በወረቀት ላይ ወደ ጎን ሰዓት፣ ወደ ላይ ጣቢያ አድርጋ በእርሳስ አስምራለች። መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ ባቡሮች የሚተላለፉበት ነው። እኔ ያንን አላስተማርኳትም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ይህን ያሳያት ሰው የብቃት ማረጋገጫሽን ስትይዢ ነይ ብሏታል። ያንን ቃል ያዘች።

የብቃት ማረጋገጫው ሲኦሲ የምንለው ፈተና ነው። ያለ እሱ ማንም ቴክኒክና ሙያ የተማረ ሰው ተማርኩ ማለት አይችልም። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ጋዋን ለብሰው ተመረቁ፤ አባትየው ከሺሺንዳ ማርና ኮረሪማ ይዘውልኝ መጡ። ባቡሩን አላነሱም። ሲኦሲ ለመፈተን ግን በዚህ መስክ የተመዘገበ መዛኝ ያስፈልጋል፤ መዛኝ የለም። መዛኝ ለመሆን ደግሞ ራሱ የተመዘነ መሆን አለበት። እኔ ራሴ አልተመዘንኩም። የምዘና ማዕከል የሚሆን ቦታ ሙሉ ዕቃ ሊኖረው ይገባል፤ የእኛ አራት እርምጃ ሐዲድ አይበቃም። ወደ አዲስ አበባ ስጽፍ ክልሉን ጠይቅ ይሉኛል፣ ክልሉን ስጠይቅ መስኩ ከፌዴራል ነው ይሉኛል። በዚህ መሀል ክልላችን ተከፍሎ አዲስ ክልል ሆነ። ቦንጋ ራሷ ዋና ከተማ ሆነችና ቢሮዎቹ ወደ ደጃችን መጡ። አሁንስ ቀርቦልናል ብዬ ደስ አለኝ። ፋይላችን ግን በድሮው ክልል ቀርቷል፤ የአዲሱ ቢሮ ሰዎች ስለ እንደዚህ ያለ ሥልጠና የሰሙት ከእኔ ነው። በትሕትና አስተናገዱኝ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ ማመልከቻውን እንደ አዲስ ጻፍ አሉኝ።

እኛ በደብዳቤ ስንመላለስ ስለ መስመሩ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ተሰረዘ ያለ የለም። በራዲዮ ሲነሳ ቅድሚያ ለሚሰጣቸው መስመሮች የሚል ቃል ይጨመርበታል፤ የእኛ ከእነዚያ ውስጥ የለም። ጅማ ላይ ቅየሳ ተጀመረ የሚል ወሬ አንድ ሰሞን ሰማን፤ የመንገድ ሥራ ቅየሳ ሆኖ ተገኘ። ዲኑ ጡረታ ወጡ። አዲሱ ዲን ሠልጣኝ የሌለውን ክፍል ዘጉትና ወደ ሞተሬ መለሱኝ። አሁን በብዛት የማስተምረው የባጃጅ ጥገና ነው፤ እሱ ሥራ ያስገኛል። የአራት እርምጃዋን ሐዲድ ለአዲስ መማሪያ ክፍል መሠረት ሲቆፍሩ አነሷት። ያነሷት ቀን ሥራ አልገባሁም፤ ታምሜ አልነበረም።

ሃያ ስድስቱ ተበተኑ። ባጃጅ የሚነዱ አሉ፣ ቡና ንግድ የገቡ አሉ፣ ሁለቱ ፖሊስ ሆነዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የባቡር መምህራችን» ብለው ይስቁብኛል፤ በክፋት አይደለም፣ አብሬያቸው እስቃለሁ። የሺሺንዳዋ ልጅ ግን አትስቅም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረምና ጥር ላይ፣ በሚኒባስ ተሳፍራ ትመጣና ዎርክሾፑ በር ላይ ቆማ ፈተናው ተከፍቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ገና ነው እላታለሁ። አመስግናኝ ትሄዳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ፣ ገና ነው የምለው የማውቀው ነገር ኖሮኝ አልነበረም፤ ሌላውን ቃል ማውጣት አቅቶኝ ነው።

ከዚያ አባትየው ራሳቸው መጡ። ሐሙስ ነበር፤ ከገበያ ሲወጡ ዎርክሾፕ ገቡ። ሸብተዋል። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ጥቂት ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ተነጋገርን። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ መርፌ እየተወጉ መሆኑን ነገሩኝ። መርፌውን የምትወጋቸው ነርስ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ልጃቸው የተወችውን የነርስነት ቦታ ያኔ በተጠባባቂነት ያገኘችው እሷ ናት። ይህን የነገሩኝ ሊወቅሱኝ አልነበረም። እንዲያው የሆነውን ነው የተናገሩት፤ ለዚህ ነው የከበደኝ።

«መምህር፣ አንተን አልከስም» አሉኝ። «እርስዎም ሰው ነግሮዎት ነው የነገሩን። ግን ልጄ የእኔን ቃል አትሰማም። ባል መጣ፣ መለሰችው። ለመምህርነት ተመዝገቢ አልኳት፣ እንቢ አለች። እርስዎን ትሰማለች። ባቡሩ አይመጣም በሏት።»

እሺ አልኳቸው። ለመሄድ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባለቤቴ በየማለዳው ዛሬስ ትሄዳለህ ትለኛለች፤ የባጃጅ ፈተና አለብኝ እላታለሁ።

ሺሺንዳ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። መናኸሪያው ጭቃ ነው። ልጅቷ እዚያ ተራ አስከባሪ ሆና ትሠራለች፤ ሚኒባሶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል መዝግባ የምታስወጣው እሷ ናት። የሥራ ልብሷን ደርባ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ይሆናታል። ስታየኝ ብድግ አለች፤ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ ወደ እኔ ስትመጣ እንጂ እኔ ወደ እሷ ሄጄ አላውቅም። ፈተናው የተከፈተ መስሏታል።

ቁጭ አልንና ነገርኳት። መስመሩ በእኛ ዕድሜ እንደማይመጣ፣ ክፍሉም እንደማይከፈት፣ ፈተና የሚባል ነገር እንደማይኖር፣ ይህን ማወቄም የቆየ መሆኑን። አልተቆጣችም። የገቡትን ሁለት መኪናዎች መዘገበች።

«ደብዳቤ መጥቶ ነው?» አለችኝ።

ደብዳቤ አለመኖሩን፣ የምናገረው ከራሴ መሆኑን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ባቡሩ እንደማይመጣ ከእኔ በፊት ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ፤ መናኸሪያ የምትውል ሰው ናት፣ መንገድ ላይ ምን እንደሚመጣና ምን እንደማይመጣ ታያለች።

«እኔ የምጠይቀው ባቡሩን አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «ፈተናውን ነው። ተፈትኜ ብወድቅ እንኳ ወደቅሽ የሚለኝ ሰው ይኖር ነበር። አሁን ማወቄንም አለማወቄንም የሚነግረኝ የለም።»

እኔ ልጠይቅሽ አልኳት። ወረቀት አይሆንም፣ የትም አይጠቅምሽም፣ ግን ልጠይቅሽ። ደብተሯን ዘግታ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ እንደ ተማሪ ተስተካክላ ተቀመጠች።

ስለ ሐዲድ ስፋት ጠየቅኋት፣ መለሰች። ስለ ጠጠር ጥልቀት፣ ስለ ውሃ መውረጃ፣ በሙቀት ሐዲድ ሲያብጥ ስለሚደረገው ጠየቅኋት፤ ሳትቸኩል መለሰች። ከዚያ ባቡር ሲታጠፍ የውጭው ሐዲድ ከውስጡ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ጠየቅሁ። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለኩርባው ራዲየስ እንደሚካፈል፣ ውጤቱም በአሥራ አንድ ነጥብ ስምንት እንደሚባዛ፣ መልሱም በሚሊ ሜትር እንደሚሆን ነገረችኝ። ከዚያ ጠበቀችኝ።

ትክክል ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ቁጥሩ አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ነበር ወይስ ሌላ፣ ከውስጤ ጠፍቷል። ሦስት ደብተሮቼን በቦንጋ እርጥበት ሻጋታ በልቷቸው ከጣልኳቸው ቆይቷል። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ከባጃጅ ካርቡሬተር የተረፈው ብቻ ነው። በዚህ ምድር ላይ ይፈትነኛል ብላ የጠበቀችው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ያነሰ ነበር የማውቀው።

«ትክክል ነው» አልኳት።

አየችኝ። ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ፤ ሳላውቅ የተናገርኩት መሆኑ ገብቷታል። የሚያሳፍረኝ አንድም ቃል ግን አልተናገረችም። አመሰግናለሁ ጋሼ ብላ ተነሳች፤ የቦንጋው ሚኒባስ ሞልቶ ነበርና ከፊት ወንበር ቦታ አስለቀቀችልኝ፣ ሒሳብ እንዳይቀበለኝ ለረዳቱ ነገረችው። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት የመጣሁ ሰው ይቅርታ ሳልል ተሳፈርኩ። መንገዱን በሙሉ መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ ምንም አይታይም ነበር።

በመስከረም አልመጣችም። በጥርም አልመጣችም።

ያንን ቁጥር የፈለግሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ኔትወርክ ደህና በነበረበት አንድ ቅዳሜ ከልጄ ስልክ ላይ አስፈልጌ አገኘሁት። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ነው። ሁሉንም በትክክል ነበር የመለሰችው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ሺሺንዳ ሄድኩ። መናኸሪያው ላይ ሌላ ሰው ተራ ያስከብራል። ስለ እሷ ስጠይቀው ሥራውን ከለቀቀች መቆየቷን ብቻ ነው የሚያውቀው።

አባትየውን ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ቴፒ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ከአክስቷ ጋር እርሻ እየሠራች ነው፤ ስልኳ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ደህና ናት አሉኝ፣ ከዚያ ደግሞ ደህና መሆኗን እንደማያውቁ ጨመሩ። እኔ ያልኳት ነገር እንደረዳቸው ተናግረው አመሰገኑኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡር አንስታ አታውቅም።

«ስትደውል አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «መልሷ ትክክል ነበር ይበሏት።»

«የምን መልስ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ኩርባ፣ ፍጥነት፣ የውጭው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ማለቱ፤ በአማርኛው ግማሹ አልገባቸውም፣ በካፊኖኖ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል አላውቅም። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እሺ፣ እነግራታለሁ አሉ። የነገሯት አይመስለኝም፤ ቢነግሯትም ምን ብለው እንደሚነግሯት አላውቅም።